ያውቁ ኖሯል? መሪ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፦ ኮላ ድባ ላይ ቁጭ ብሎ መሽቀዳደም

ከጎንደር በአዘዞ አድርገው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ የደንቢያ ሜዳ ይዘረጋል፤ መሀሉ ላይ ኮላ ድባ። ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ጥቁር አፈር፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት። የውድድር መኪና ሲሙሌተር እዚህ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። ሲሙሌተር ማለት መሪ፣ ፔዳል፣ ወንበርና ስክሪን በአንድ ሻንሲ ላይ ተገጥመው ሰውን ከቤቱ ሳይወጣ ሹፌር የሚያደርጉበት ዕቃ ነው። ከመሪውና ከኤሌክትሮኒክሱ በቀር ሌላው ሁሉ ብየዳ ቤት የሚሠራ ነው። ለጀማሪውም፣ ያለውን ለማሻሻል ለሚያስበውም እነሆ።

ከወናፍ የተነሣ

• ስመ ጥሩው የመጀመሪያ ሲሙሌተር የሚንቀሳቀሰው በወናፍ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ አባት ኦርጋን የሚሠራ ፋብሪካ ነበራቸው። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1929 የኦርጋኑን ወናፍ ከእንጨት ሣጥን ሥር ገጥሞ የአውሮፕላን መለማመጃ ሠራበት። ወናፉ ሲሞላ ሣጥኑ ያዘነብላል፤ ሲተነፍስ ይመለሳል። ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ወናፍ ሲነፋ ያየ ሰው መርሁን ለመረዳት መሐንዲስ አያሻውም።

• ዛሬ ትልልቅ ሲሙሌተሮችን የሚያንቀሳቅሰው ባለ ስድስት እግር መድረክ ደግሞ የጎማ ልጅ ነው። ኤሪክ ጎፍ የተባለ የደንሎፕ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጎማ ለመፈተሽ የሠራው ማሽን ነበር።

• የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች ሞተር አየር ላይ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ የሚለማመዱት ቦሌ ባለው ማሰልጠኛ፣ በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ነው። ጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈው ኪው 400 አውሮፕላንም የራሱ ሲሙሌተር አለው።

• መሪ፣ ማርሽና ፔዳል ያለው የመጀመሪያው የመኪና ቪዲዮ ጨዋታ ማሽን የአታሪው ግራን ትራክ 10 ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1974። በየከተማችን ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ዛሬም በአብዛኛው የኳስ ጨዋታ ቤቶች ናቸው። ጆይስቲክ እንጂ መሪ አይገኝባቸውም።

• ጨዋታ ብቻ ነው ብለው አይናቁት። ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኜዝ በፕሌይስቴሽን ጨዋታ በተጀመረ ውድድር አሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ እውነተኛ መኪና ገባ። በ2011 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር በምድቡ ሁለተኛ ከወጣው ቡድን ሹፌሮች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት በዚሁ መንገድ ያለፈው እንግሊዛዊ ያን ማርደንቦሮ ታሪኩ በ2023 ፊልም ተሠርቶበታል።

ቃሉ አፋችን ላይ ነው

• ሲሙሌተር የሚሠራ የኮላ ድባ ልጅ የዕቃውን ስም ከውጭ መማር አያስፈልገውም፤ አያቶቹ ተምረውለታል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቺንጊያ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የብየዳ ቤቱ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳና ካቻቢቴም እንዲሁ። ከዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች ንጹሕ አማርኛ ሆነው ከቀሩት አንዱ መሪው ነው።

• ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ትልቅ ጦሩን ያስረከበው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። ሰዎቹ ሄዱ፣ የጋራዡ ቃል ቀረ።

• ከደባርቅ ቁልቁል የሚጠማዘዘውን የሊማሊሞን መንገድ የቀየሱትም ጣሊያኖች ናቸው። አጋጣሚ ሆኖ በሲሙሌተር ሰዎች ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት ጨዋታዎች አንዱ የሆነው አሴቶ ኮርሳ የጣሊያን ሥራ ነው። በኮምፒውተር ላይ ሲጫወቱት ተጫዋቹ የራሱን መንገድ ሠርቶ ሊጨምርበት ይችላል። የሊማሊሞን ጥምዝ በልቡ የሚያውቅ ልጅ ይህን ልብ ይበል።

መሪው

• የመሪ ጉልበት የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ከመሪው መሀል 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢንጠለጠል የሚፈጥረው ጠመዝማዛ ኃይል አንድ ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። የጀማሪ መሪዎች ጉልበት 2 አካባቢ ነው። 8 ኒውተን ሜትር ያለው መሪ ሲታገልዎ ግን ጠርዙ ላይ ከአምስት ኪሎ በላይ ጤፍ የተንጠለጠለ ይመስልዎታል።

• ሦስት ዓይነት መሪ አለ፦ በጥርስ የሚዞር፣ በቺንጊያ የሚዞርና በቀጥታ ሞተሩ ላይ የተገጠመ። ባለ ጥርሱ ይንኳኳል፤ ግን ቶሎ አይበላሽም። ባለ ቺንጊያው እንደ ወፍጮ ቤቱ ቺንጊያ ለስላሳ ነው፤ የመንገዱን ጥቃቅን ንዝረት ግን ይውጠዋል። ሦስተኛው ምንም አይደብቅም፣ ኪስንም አይምርም።

• 900 ዲግሪ የሚዞር መሪ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ዙር ተኩል ማለት ነው፤ ለቤት መኪና ይቀርባል። የባጃጅ ሹፌር ግን ክብ መሪ አያውቅም። እጀታ ይይዛል፣ ማርሹን በግራ እጁ ያዞራል፣ እግሩ የሚያውቀው ፍሬንን ብቻ ነው።

• ለኤክስ ቦክስ የተሠራ መሪ ፕሌይስቴሽን ላይ አይሠራም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣልህ?" ሲል መሪ ከማለት በፊት የትኛው ማሽን እንዳለዎት ይንገሩት።

ፍሬኑ

• የዙር ሰዓትዎን የሚያሻሽለው መሪው ሳይሆን ፍሬኑ ነው። ርካሽ ፔዳል የሚለካው እግርዎ ምን ያህል እንደተጓዘ ነው፤ የተሻለው ምን ያህል እንደተጫኑ ይለካል። እግር ደግሞ ከርቀት ይልቅ ጉልበትን ያስታውሳል።

• ጉልበቱን የሚለካው ዕቃ እንግዳ አይደለም። ሎድ ሴል ይባላል፤ ባለ ቁጥር የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ሆድ ውስጥ ያለው እርሱ ነው። ኪሎ ስኳር የመዘነልዎ ነገር የፍሬንዎንም ጉልበት ይመዝናል።

• የድሮ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያውን ሲያዞሩት ጭርር ይል የለ? ውስጡ አቧራ ገብቶ ነው። የርካሽ ፔዳል መለኪያም ያው ዕቃ ነው። በበጋ የደንቢያ አቧራ ሲገባበት እግርዎ ሳይነቃነቅ መኪናው ብቻውን ፍሬን ይይዛል። መድኃኒቱ ማጽዳት ነው፤ ዘላቂው መፍትሔ በማግኔት የሚሠራ ሴንሰር ነው። ሳይነካካ ስለሚለካ አያልቅም። መርሁን ኤድዊን ሆል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው።

• ይሞክሩት። ፔዳሉን መሬት ላይ አድርገው፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፍሬኑን በኃይል ይርገጡ። ፔዳሉ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ወንበሩ ወደ ኋላ፣ እርስዎ መሀል ላይ ተንጋለው ይቀራሉ። ጥሩ የውድድር ፔዳል 60 ኪሎና ከዚያም በላይ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ሁሉ ዞሮ የሚያርፈው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው የወንበሩን እግርና ፔዳሉን በገመድ ወይም በጠፍር አንድ ላይ ያስራቸዋል። ይሠራል!

ሻንሲውና ወንበሩ

• በውጭ አገር ሻንሲው የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ምክንያቱ ጥንካሬ እንዳይመስልዎ፤ ብረት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ለመተጣጠፍ ያስቸግራል። አሉሚኒየም የሚመረጠው በብሎን እየፈቱ ለማስተካከል ስለሚመች ነው። ስለዚህ የብየዳ ቤቱ ቱቦላሬ የሚያሳፍር አይደለም። የወንበሩና የፔዳሉ ቦታ ብቻ አይበየድ፤ ረዘም ያለ ቀዳዳ ተበጅቶ በብሎንና በዳዶ ይጠበቅ።

• ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬን በባለ 40 ቢቀይሩት፣ ውፍረቱ ሳይለወጥ፣ ጥንካሬው ሁለት እጥፍ ሳይሆን ከስምንት እጥፍ በላይ ይጨምራል። በያጁ ወፍራም ብረት ሲያቀርብልዎ ሰፊውን ይጠይቁት።

• ከተሰበረ መኪና የወጣ ወንበር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ፣ ወይም ጎንደር ጋራዥ ይጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካዩ አይነካኩት። ቢጫ የኤርባግ ምልክት ነው፤ ውስጡ የሚፈነዳ ነገር አለ።

• ወንበሩ የሚቀመጥበት ርቀት እንዴት ይታወቃል? ጀርባዎን አስደግፈው እጅዎን ሲዘረጉ አንጓዎ መሪው አናት ላይ ይረፍ። ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥም ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። እውነተኛ መኪና ላይ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው።

ዓይንና ሆድ

• ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋቱ 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 2 ሜትር ርቀው ሲያዩት ከዓይንዎ ፊት 20 ዲግሪ ብቻ ይሸፍናል። በ70 ሳንቲ ሜትር ቢያስጠጉት 54 ዲግሪ ይሆናል። ማስጠጋት ነፃ ነው! ትልቅ ስክሪን ከመግዛት በፊት ይሞከር። ጨዋታው ውስጥ ያለው የእይታ ስፋትም በዚሁ ልክ ይስተካከል፤ ካልሆነ ጥምዙ የሚደርሰው ካሰቡት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ነው።

• ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ፌስታል የሚያድለው ለምንድን ነው? ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን "እየሄድን ነው" ሲል፣ ስልክ ላይ የተተከለው ዓይን "ቆመናል" ስለሚል ነው። ሲሙሌተር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይን ይሮጣል፣ ገላ ይቀመጣል። ውጤቱ ግን ያው ማቅለሽለሽ ነው። ለጀማሪ አጭር ልምምድ፣ ፊት ላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር፣ ሲያቅለሸልሽም ወዲያው ማቆም ይመከራል።

• በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ 5 ሜትር ተኩል ይሄዳል። ቴሌቪዥንዎ ምስሉን ለማሳመር ብሎ ቢያዘገየው፣ የሚያዩት ጥምዝ ያለፉትን ነው። የቴሌቪዥኑን "ጌም ሞድ" ይክፈቱ።

መብራት፣ ኔትወርክ፣ ከፍታ

• መብራት ሲቆራረጥ ጨዋታ ብቻ አይቋረጥም፤ ማሽኑም ሊጎዳ ይችላል። ስታቢላይዘር ከሁለተኛ ስክሪን ይቀድማል። ሻንሲው ብረት ስለሆነም ቤቱ ኤርዝ እንዳለው በኤሌክትሪሻን ያስፈትሹ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

• ከጎንደር ጀርመን ፍራንክፈርት በአየር መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መልእክት በፋይበር ሄዶ እስኪመለስ፣ ምንም ባያግደው እንኳ፣ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት በ200 የሚሮጥ መኪና ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርቀት ይጓዛል። ስለዚህ አውሮፓ ካለ ሰው ጋር ሲሽቀዳደሙ ጎን ለጎን አይጠጉ።

• ኔትወርክ የሚያናድደው እኛን ብቻ አይደለም። በወቅቱ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማክስ ቨርስታፐን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በሲሙሌተር የተካሄደውን የለማን 24 ሰዓት እየመራ ሳለ ግንኙነቱ ተቋርጦበት ድሉ አምልጦታል።

• ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሜክሲኮ ሲቲው የፎርሙላ ዋን ሜዳም ከ2,200 በላይ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ መኪናን ወደ መሬት የሚጫነው ነፋስም ይሳሳል። ሜክሲኮን በሲሙሌተር ሲነዱ የሚነዱት በጎንደር አየር ነው ማለት ይቻላል።

• ስስ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም። ኮምፒውተሩና ፕሌይስቴሽኑ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ በቀላሉ ይግላሉ። ዳንቴል አልብሰውት ከሆነ ለጨዋታው ሰዓት እንኳ ያውልቁለት።

ምን ይቅደም?

• ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የማይነቃነቅ ሻንሲና ወንበር፣ ቀጥሎ ጉልበት የሚለካ ፍሬን፣ ከዚያ ስክሪን፣ በመጨረሻ ትልቅ መሪ። ብዙ ሰው ከኋላ ይጀምርና ውድ መሪ ደካማ ጠረጴዛ ላይ ያስራል። የተንቀጠቀጠ ጠረጴዛ የመሪውን ጉልበት ሁሉ ይበላዋል።

• በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም። ሦስተኛውን ፔዳል የሚገዙ ከሆነ፣ ልጆችዎ ፍሪሲዮን የሚለማመዱበት የመጨረሻው ቦታ ምናልባት የእርስዎ ሳሎን ይሆናል።

• በመጨረሻ አንድ አደራ። ሲሙሌተር ላይ ሲገለበጡ አንድ ቁልፍ ተጭነው እንደገና ይጀምራሉ። ከኮላ ድባ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ እግረኛ፣ አህያና የትምህርት ቤት ልጆች አሉ፤ ያ ቁልፍ ግን የለም። ፍጥነቱን ቤት ትተው ይውጡ፤ ይዘው የሚወጡት የፍሬን ልምዱን ብቻ ይሁን።