በረዶ በአራዳ ቤቶች፦ ከጋን እስከ ጠረጴዛ ማሽን

የአዲስ አበባ አየር በረዶ አያስናፍቅም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓመት አማካይ ሙቀቷም 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አራዳም ማታ ማታ ጋቢ የሚደረብበት ሰፈር ነው። ሆኖም ከፍሪጅ ተለይቶ ለብቻው የሚቆም፣ በረዶ ብቻ የሚሠራ ማሽን ዛሬ በከተማዋ የቤት ዕቃ ሻጮች ዘንድ ይገኛል፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣም ይገባል። ሻጮች «አይስ ሜከር» ይሉታል። ይህ ዳሰሳ ቅዝቃዜ ወደ ፒያሳና አካባቢዋ ቤቶች በምን መንገድ እንደገባ ተመልክቶ፣ ማሽኑ ለየትኛው ወጥ ቤት እንደሚሆን ይመዝናል። በየዘመኑ ጉዳዩን የወሰኑት ውሃ፣ መብራትና የወጥ ቤቱ አሠራር ናቸው። ዛሬም ገዢው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው የኪሎ ቁጥር በፊት እነዚህን ሦስቱን ማየት አለበት።

የጋን ዘመን

የቀድሞው ቤት ቅዝቃዜ የሚያገኘው ከሸክላ ነበር። የእንስራና የገንቦ ገላ ውሃውን በጥቂቱ ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ ያ እርጥበት ሲተን ከውስጡ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ውሃውም ከክፍሉ አየር ይቀዘቅዛል። ጠላው በጋን ሆኖ በጨለማ ጓዳ ይቀመጣል። በደጋ አገር ይህ ይበቃ ነበር፤ በረዶ የሚባለው ከሰማይ የሚወርደው ብቻ ነበር።

በሌላው ዓለም ግን በረዶ ሸቀጥ ሆኗል። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቱዶር እ.ኤ.አ. በ1806 ከሐይቅ የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ወደ ካሪቢያን መላክ ጀመረ። ጆን ጎሪ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ የበረዶ መሥሪያ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ። በ1870ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ ለቢራ ጠማቂዎች ማቀዝቀዣ ሠራ።

ቅዝቃዜ በንግድ በር ሲገባ

አዲስ አበባ ውስጥም ቅዝቃዜ ቀድሞ የተፈለገው ለንግድ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እንዲህ ያለ ቢራ ያለ ቅዝቃዜ አይጠመቅም። ከነፃነት በኋላ ፒያሳ የጣሊያን፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ የምግብ ቤቶችና የኬክ ቤቶች ሰፈር ሆና ደመቀች። ክሬም ያለው ኬክ የሚሸጥ ቤት ያለ ማቀዝቀዣ አይውልም። የአራዳ ሰው ቀዝቃዛ ነገር የለመደው እቤቱ ሳይሆን ባንኮኒ ላይ ነው።

ቤት ውስጥ እንዳይገባ ያገደው መብራት ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር የሚያመነጨው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጠናቀቅ 43 ሜጋ ዋት ጨመረ። ከዚያ ወዲህ አቅም ያለው ቤተሰብ ፍሪጅ መግዛት ጀመረ። ከፍሪጁ ጋር ማንሻ ያለው የአሉሚኒየም የበረዶ መሥሪያ መጣ፤ ማንሻው ሲሳብ በረዶው እየተሰነጠቀ ከቦታው ይላቀቃል። የብዙ ቤት የመጀመሪያው የበረዶ ማሽን ያ ነው።

ፍሪጅ ሳሎን የገባበት ዘመን

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የአራዳ ሰፊ ግቢዎች ብዙ ቤተሰብ የሚኖርባቸው የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። ወጥ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ የጋራ ነው፤ ጭስ አለው። ፍሪጅ እዚያ አይቀመጥም። ስለዚህ ሳሎን ገባ፤ አናቱ ላይ ዳንቴል ተደረገለት፤ ከቡፌው ጎን የቤቱ ጌጥ ሆነ። በዶሮ ማነቂያም በሠራተኛ ሰፈርም እንግዳ ሲመጣ ለስላሳው ከዚያው ከሳሎን ይወጣል፤ ቀጥሎም «ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?» ይባላል።

ጥያቄው ስለ ፍላጎታችን ብዙ ይናገራል። ከጠጪዎቹ ብዙዎቹ ኖርማል ይላሉ፤ ቶንሲል ያለበት፣ ጉንፋን የሚፈራ፣ በክረምት ቀዝቃዛ የማይቀምስ አለ። በረዶ በብዛት የሚፈለገው ለሠርግና ለድግስ ነው፤ ያኔ ደግሞ በጆንያ ተገዝቶ ቢራና ለስላሳው በበርሜል ወይም በትልቅ ሳፋ ይዘፈዘፋል። የቤት ፍላጎት ትንሽ፣ የድግስ ፍላጎት ግን ትልቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የዛሬው ማሽን የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ወጥ ቤት ወደ ውስጥ ሲገባ

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች የከተማውን ወጥ ቤት ከግቢ ወደ ቤት አስገቡት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቧንቧ፣ የራሱ ቆጣሪ፣ ከመደርደሪያው አጠገብም ሶኬት አገኘ። የካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ሲመረቅ፣ በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማቱ ብዙ አሮጌ ቤቶችን አነሣ፤ ነዋሪዎቹ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ጎረቤት ከጎረቤት የተለያየበት ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም። ከለውጡ ጋር ግን ለብዙ ቤተሰብ ማሽን የሚቀመጥበት የግል ወጥ ቤት መጣ።

ጣዕምም ተለውጧል። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 በፒያሳ ሥራ ሲጀምር ቡና ማለት በትኩሱ የሚጠጣ ነበር፤ ዛሬ ወጣቱ በበረዶ የቀረበ ቡና ያዛል፣ ቤቱም ሊሠራው ይሞክራል። ዋጋው ግን ከበደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ስለሚወደድ፣ ዛሬ ሳያገናዝቡ መግዛት ከበፊቱ የበለጠ ያስጎዳል።

ማሽኑ ሲከፈት

የተለመደው ጠረጴዛ ማሽን ሁለት ሊትር የማይሞላ የውሃ ቋት አለው። ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ የሆኑ የብረት ዘንጎች በትንሽ ገንዳ ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ኮምፕሬሰሩ ዘንጎቹን ከዜሮ በታች ያቀዘቅዛቸዋል፤ ውሃው ዙሪያቸውን ይጋገራል። ከስድስት እስከ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ትኩስ ጋዝ በዘንጎቹ ያልፋል፤ የጥይት ቀለህ የመሰለ፣ መሐሉ ባዶ የሆነ በረዶ ተላቅቆ ይወድቃል፤ መጥረጊያውም ወደ ቅርጫቱ ይገፋዋል። የመጀመሪያው ዙር በረዶ ስስ ነው፤ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ ይወፍራል።

ገዢው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ማሽን በረዶ ይሠራል እንጂ በረዶ አያቆይም። ቅርጫቱ ፍሪዘር አይደለም፤ የቀረው በረዶ ይቀልጣል፣ ውሃው ወደ ቋቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ፍሪዘር የሌለው ቤት በዚህ ማሽን በረዶ ማጠራቀም አይችልም።

ሌላው ዓይነት ከመደርደሪያ ሥር የሚገባው ነው። በረዶ የሚይዝበት ቦታ አለው፤ ብዙዎቹም ጥርት ያለ በረዶ ይሠራሉ። ነገር ግን የማያቋርጥ የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መስመር ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶና ፓምፕ ከሌለ እንዲህ ያለውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲገዙ የሚታይ

መጠኑን በማስላት ይጀምሩ። ካርቶኑ «በ24 ሰዓት 12 ኪሎ» ካለ፣ በሰዓት ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ለአሥር እንግዶች በብርጭቆ 100 ግራም ቢታሰብ አንድ ኪሎ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ቅርጫቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ወደ ፍሪዘር መገልበጥ አለ።

የመብራት ወጪው አያስፈራም፤ 120 ዋት የሚወስድ ማሽን በሁለት ሰዓት የሚፈጀው ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። አሳሳቢው የመብራቱ መዋዠቅ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤት ያለው መስመር ካረጀ ግን መብራት መሄድ መምጣቱ አይቀርም። ኮምፕሬሰር ከጠፋ በኋላ ወዲያው ሲነሣ ይጎዳል። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር የጥቂት ደቂቃ ማዘግያ ያለው ስታብላይዘር ይግዙ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣውን በጥንቃቄ ይዩት። የዚያ አገር ዕቃ 110–120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃልም። ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ሊልክልዎ ካሰበ ገንዘቡን ልኮ እዚሁ ቢገዛ ይሻላል።

አየርም አለ። በእኛ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት ገፍፎ የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። የቤታችን ቅዝቃዜ ያካክሰዋል፤ ማሽኑ ግን ከግድግዳ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከምድጃና ከእንጀራ ምጣድ አጠገብም አይቀመጥ።

ውሃውን ቸል አይበሉ። በረዶ መሆን ጀርምን አይገድልም። የማይጠጡትን ውሃ ማሽኑ ውስጥ አይጨምሩ፤ የፈላና የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ይሁን። ሲጨርሱ ቋቱን አፍስሰው ያድርቁት፤ ኖራ ሲይዝ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ያጽዱት።

በመጨረሻም ጠጋኙ። ብዙ አዳዲስ ትንንሽ ማሽኖች አር 600 ኤ በተባለ፣ እሳት በሚይዝ ጋዝ ይሠራሉ። ጋዝ ማስሞላት ቢያስፈልግ ይህን የሚያውቅና መሣሪያው ያለው ባለሙያ ይፈልጉ፤ በእጁ ያገኘውን ጋዝ የሚሞላ ሰው ማሽኑንም ቤቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ለማን ይሆናል?

አራትና አምስት ሰው ለሚኖርበት፣ ቀዝቃዛ በቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚጠጣ ቤት ማሽኑ አያስፈልግም። ሁለት የፕላስቲክ የበረዶ መሥሪያዎች ጠዋትና ማታ ተሞልተው፣ በረዶው በንጹሕ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ ቢጠራቀም በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ይገኛል፤ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም። ሠርግ ላሰበ ቤትም ማሽኑ አይደርስለትም፤ በረዶ በጆንያ መግዛት ያዋጣዋል። ጠረጴዛ ማሽን የሚጠቅመው ዘወትር እንግዳ ለሚበዛበት፣ ጁስና በበረዶ የቀዘቀዘ ቡና በየቀኑ ለሚዘጋጅበት፣ ወይም ፍሪዘሩ በሥጋና በበርበሬ ተሞልቶ ለበረዶ ቦታ ላጣ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን ንጹሕ ውሃ፣ ስታብላይዘርና የሚያጸዳው ሰው ካሉ ብቻ። ከመግዛትዎ በፊት አንድ ወር በፕላስቲኩ ይሥሩ፤ በየሳምንቱ በረዶ ካለቀብዎት ማሽኑ ለቤትዎ ይገባል፤ ካላለቀ ገንዘቡን ለውሃ ማጣሪያ ያውሉት፤ ቤተሰቡን በየቀኑ የሚጠቅመው እሱ ነው።