ሳይቀላቀል

የፋብሪካ ቆሻሻ በተነሳ ቁጥር የሚጠየቀው ማጣሪያ መኖር አለመኖሩ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የዘገየ ነው። ፍሳሹ ማጣሪያው ዘንድ ሲደርስ መልሶ ሊያገለግል ይችል የነበረው ነገር ከሌላው ጋር ተደባልቆ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የመተሐራና የፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል ማውጣት የቻሉት ሞላሰሱ ቀድሞውንም ለብቻው ስለሚወጣ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ መለየቱን ራሱ አስቦ ማድረግ አለበት።

ጥሬ ቆዳ መጀመሪያ በኖራና በሰልፋይድ ተዘፍዝፎ ፀጉሩን ይለቅቃል፤ ኋላ ደግሞ አሲድ ባለበት ውሃ በክሮም ጨው ይለፋል። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከክሮሙ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ የተገዛው፣ ከውሃው ጋር ይፈሳል። ሁለቱ ፍሳሾች በአንድ ቦይ ከተገናኙ አሲዱ ከሰልፋይዱ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሲያንስ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ማሽተትን አደንዝዞ ይገድላል። ክሮሙም ዝቃጩ ውስጥ ገብቶ ለማሳ እንዳይሆን ያደርገዋል።

የክሮሙ ውሃ ለብቻው ቢያዝ ግን ማግኒዚየም ኦክሳይድ ይጨመርበትና ክሮሙ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ወደ ማልፊያው ድራም ይመለሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የተለየ ቱቦ፣ ጥቂት ጋንና የሚከታተል ባለሙያ ነው። የተመለሰ ክሮም ጥራት ያበላሻል የሚሉ ባለፋብሪካዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ስብና የቆዳ ፍርፋሪ ከተሸከመ ያበላሻል። ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ይጠለላል፣ የተመለሰውም ከአዲሱ ጋር ተመጥኖ ይገባል።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የወጪው ነው፤ ትንሽ ፋብሪካ ብቻውን አይችለውም። በጣሊያን ሳንታ ክሮቼ ሱላርኖ ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች መልሱን ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰጥተዋል፤ የክሮም ውሃቸውን በቦቴ ወደ አንድ የጋራ ጣቢያ ይልካሉ፣ ክሮማቸውን መልሰው ይወስዳሉ። ሞጆ ላይም ቆዳ ፋብሪካዎቹ ተቀራርበው ስለቆሙ ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። የሞጆ ወንዝ ውሃ ወደ ቆቃ ሐይቅ እንደሚወርድ ሲታሰብ ደግሞ ወጪውን የሚሸከመው ፋብሪካው ብቻ እንዳልሆነ ይታያል።

ክሮምን መመለስ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ቆዳው እንዳይበሰብስ የተነሰነሰበት ጨው አንዴ ውሃ ከገባ በክሮም ማዝቀጫም ሆነ በባክቴሪያ ማጣሪያ አይወጣም። እሱንም ከመዘፍዘፉ በፊት ደረቁን ማራገፍ ይሻላል። ተቆጣጣሪውም የመጨረሻውን ቱቦ ብቻ መለካቱ አይበቃም፤ እዚያ ላይ ንጹሕ ውሃ የጨመረ ፋብሪካ በሊትር የሚለካውን ክሮም ያሳንሳል፣ ወንዝ የሚገባውን ግን አያሳንስም። በዓመት የተገዛው ክሮም ምን ያህሉ ቆዳው ላይ እንደቀረ በመዝገብ ቢጠየቅ የጎደለው ወዴት እንደሄደ መደበቅ ይከብዳል።