በሰማያዊ አካላት ለሚመራ የባሕር ጉዞ የወረቀት ስላይድ ሩል ስኬሎች አነዳደፍ

መርከበኛ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ በሴክስታንት ከለካ በኋላ፣ ይገኝበታል ብሎ ከሚገምተው ነጥብ ያ አካል በምን ያህል ከፍታ ሊታይ ይገባው እንደነበር አስልቶ ከልኬቱ ጋር ያነጻጽራል። በሁለቱ መካከል የሚታይ የአንድ ደቂቃ (የዲግሪ 1/60ኛ) ልዩነት በባሕር ላይ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው። ስለሆነም የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ሲበላሹ ለመጠባበቂያነት የሚያዝ የወረቀት ማስሊያ ዋጋው የሚመዘነው አንዲትን ደቂቃ ለይቶ በማሳየቱ ነው።

ከስኬሉ በፊት ቀመሩ መመረጥ አለበት። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ቀመር የከፍታውን ሳይን በሁለት ብዜቶች ድምር ይሰጣል። ስላይድ ሩል ግን የሎጋሪዝም ርዝመቶችን እያገጣጠመ ያባዛል፣ ያካፍላል እንጂ ቁጥሮችን አይደምርም። ከዚህም በላይ ሳይን ወደ 90 ዲግሪ ሲቃረብ በዝግታ ስለሚለወጥ በሰማይ ከፍ ብሎ የሚታይን ኮከብ ከፍታ በትክክል ማንበብ ያዳግታል። የብሪታንያ ንጉሣዊ አየር ኃይል ባልደረባ የነበረው ሻምበል ባይግሬቭ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፈው ሲሊንደራዊ ስላይድ ሩል ሁለቱንም ችግር አስወግዷል። ፍራንሲስ ቺቼስተር በ1931 የታስማንን ባሕር በትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ሲያቋርጥ የኖርፎልክንና የሎርድ ሃውን ደሴቶች ለማግኘት የተጠቀመው በዚሁ መሣሪያ ነበር።

ዘዴው የሰማዩን ሦስት ማዕዘን ወደ ሁለት ቀጤ ነክ ሦስት ማዕዘኖች ይከፍላል። የዲክሊኔሽኑ ታንጀንት ለሰዓት ማዕዘኑ ኮሳይን ሲካፈል የ‹ሀ› ታንጀንት ይገኛል። የሰዓት ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ሲያንስ፣ ኬክሮሱ ከ90 ተቀንሶ በሚቀረው ላይ ሀ ይደመራል፤ ዲክሊኔሽኑ በሌላው ንፍቀ ክበብ ከሆነ ግን ይቀነሳል። ውጤቱ ‹ለ› ይባላል፤ ከ90 ቢበልጥ ከ180 ይቀነሳል። የሰዓት ማዕዘኑ ታንጀንት በሀ ኮሳይን ተባዝቶ ለለ ኮሳይን ሲካፈል የአዚሙቱን ታንጀንት፣ የለ ታንጀንት በአዚሙቱ ኮሳይን ሲባዛ ደግሞ የከፍታውን ታንጀንት ይሰጣል። ውጤት ምንጊዜም የሚነበበው ከታንጀንት ስኬል ሲሆን ኮሳይን ግብዓት ብቻ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በኮሳይን ስኬል ላይ ከ0 እስከ 1 ዲግሪ ያለው ክፍል ከዚህ በታች በሚሰላው መጠን እንኳ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና።

የታንጀንት ስኬል እጅግ የሚጠብበው 45 ዲግሪ ላይ ነው። በዚያ ቦታ የአንድ ደቂቃ ለውጥ ሎጋሪዝሙን በ0.000253 ብቻ ይለውጠዋል። ይህች ደቂቃ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንድትይዝ ከተፈለገ ከ1 እስከ 10 ያለው የሎጋሪዝም ርዝመት 1.98 ሜትር ይሆናል። ከ20 ደቂቃ እስከ 89 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ያለው ሙሉ ስኬል ደግሞ 8.85 ሜትር ይደርሳል። ለማሳጠር ሲባል ግማሹን ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ማውረድ ያጓጓል፤ በሚናወጥ ጀልባ ላይ፣ በደብዛዛ መብራት ለሚያነብ ዓይን ግን አይሆንም።

ባይግሬቭ ርዝመቱን በሲሊንደር ላይ ጠመዘዘው። በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ደግሞ ስኬሉ እያንዳንዳቸው 20 ሴንቲ ሜትር በሆኑ 45 መስመሮች ይቆራረጣል። በየመስመሩ ቀኝ የቀጣዩ መስመር ይዘት ስለሚደገም ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በመስመሮቹ መካከል 6 ሚሊ ሜትር ከተተወ ሁሉም በአንድ ኤ3 ወረቀት ላይ ይገባል። የኮሳይን ስኬል ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ፣ ያለ ድግግሞሽ፣ በ23 መስመሮች ይታተምና ከላይ ይንሸራተታል። ለሙሉው ስሌት ሦስት ጊዜ ማስተካከል ይበቃል።

ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ወረቀቱ በ0.2 በመቶ ተለጥጦ ፕላስቲኩ ባለበት ቢቀር በአንድ መስመር ዳርቻ 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈጠራል፤ ይህም በ45 ዲግሪ አካባቢ ወደ 0.8 የባሕር ማይል ይጠጋል። ሁለቱም እኩል ቢለጠጡ ግን ስሕተቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ላይ፣ በአንድ ማተሚያና በአንድ አቅጣጫ ማተም ይመረጣል።

በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ የፀሐይ ዲክሊኔሽን ለሁለት ቀን ገደማ ከ20 ደቂቃ በታች ስለሚሆን ከስኬሉ ውጭ ይወድቃል። የሰዓት ማዕዘኑ ለ90 ዲግሪ ካልቀረበ በስተቀር ሀን በተራ ማካፈል ማግኘት ይቻላል። የታተመን ቅጂ ለመፈተሽ ኬክሮስ 30 ዲግሪ ሰሜን፣ ዲክሊኔሽን 20 ዲግሪ ሰሜን፣ የሰዓት ማዕዘን 40 ዲግሪ ይወሰዳል፤ ሀ 25 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ፣ አዚሙቱ 83 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፣ ከፍታው 52 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ መውጣት አለበት።