ዓመት ያልሆነው 42

ጀርመኖች ሽጉጧን «ሉገር» አይሏትም። «ዜሮ ስምንት» ይሏታል፤ የምድር ጦሩ በ1908 ስለ ተቀበላት። ሉገር የሚለውን ያስለመዱት አሜሪካኖች ናቸው። የእኛስ አባቶች የፈረንሳዩን ግራስ ጠመንጃ በሠሪው ስም «ውጅግራ» ብለውት የለ? ብረት በየአገሩ በተቀባዩ አፍ ይጠራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ለምን እንደማሳስብ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።)

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ሽጉጥ የማየው ፖሊስ ወገብ ላይ ብቻ ነበር። እዚህ ግን አሮጌ ብረት እንደ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር ይሰበሰባል፤ ቅዳሜና እሑድ በትልልቅ አዳራሾች ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል። መጀመሪያ የሄድኩት ጓደኛዬን ላጅበው ነበር። እሱ ተወው፣ እኔ ቀረሁበት። መተኮስ ብዙም አይስበኝም። ማንበብ ግን እወዳለሁ፤ ዜሮ ስምንት ደግሞ የምትነበብ ሽጉጥ ናት።

አሠራሯን ቶሎ ልለፈው። ኦስትሪያዊው ጌዎርግ ሉገር ከባዶ አልፈጠራትም። ሁጎ ቦርኻርት በ1893 ያወጣውን ግዙፍ ሽጉጥ አሳጥሮ፣ እጀታውን አዘንብሎ ለእጅ አመቻቸው። ከላይ የሚታየው ባለ ሁለት ጆሮ ብረት እንደ ሰው ጉልበት ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም የጥይቱን ግፊት ይችላል፤ አፈሙዙ ትንሽ ወደ ኋላ ሲሸሽ ግን ወደ ላይ ይታጠፍና ቀለሁን ተፍቶ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ካዝናዋ 8 ጥይት ይይዛል። አፈሙዟ ለምድር ጦሩ 10፣ ለባሕር ኃይሉ 15፣ ለመድፈኛው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመነካቷ በፊት ባዶ መሆኗ ይረጋገጣል፤ ይህንንም መናገር ባላስፈለገኝ ነበር፣ ግን በየአዳራሹ አንስቶ ወዲያው ቃታ የሚስብ ሰው አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ማንም ይነግራችኋል። ተሳስቶ የሚነግራችሁ ስለ 42 ነው።

ፋብሪካው የራሱን ምልክት በታጣፊው ጉልበት ላይ፣ የተሠራችበትን ዓመት ደግሞ ከጥይት ማጉረሻው በላይ ያትማል። ሻጩ ጉልበቱ ላይ ያለውን «42» በጣቱ እየጠቆመ «የ1942 ናት፤ ስታሊንግራድ ዘምታለች» ሲል ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ አልቆጥረውም። አንድ ቀን አብሮኝ የመጣ ያገሬ ልጅ ይህንኑ ሰምቶ ጠጋ አለኝና «በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለኝ። «በማንም አይደለም» አልኩት።

ይህ 42 ኦበርንዶርፍ የሚገኘው የማውዘር ፋብሪካ መለያ ነው። አንደኛውን የዓለም ጦርነት የተሸነፈችው ጀርመን በቬርሳይ ውል መሠረት ከ100,000 በላይ ወታደር እንዳይኖራት፣ የጦር መሣሪያም ከተፈቀደላቸው ጥቂት ፋብሪካዎች ውጪ እንዳይሠራባት ተወስኖ ነበር። ሂትለር ሥልጣን ይዞ መታጠቁ በድብቅ ሲፋጠን፣ ማውዘር ስሙን ሸሽጎ ለሠራዊቱ በሚሠራቸው ሽጉጦች ላይ «ኤስ/42» ብሎ አተመ። ዓመቱም አብሮ ተሸሸገ። በ1934 ፋንታ «ኬ»፣ በ1935 ፋንታ «ጂ» የሚል አንድ የላቲን ፊደል ብቻ ተቀመጠ። በመጋቢት 1935 ሂትለር ውሉን በአደባባይ ጣለው። ከዚያ በኋላ፣ ከ1936 ጀምሮ፣ ዓመቱ በአራት አሃዝ ያለ ሐፍረት ይታተም ገባ። አንድ መንግሥት መደበቅ የተወበትን ጊዜ ከሽጉጥ ጀርባ ላይ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። እኔን እዚህ ነገር ውስጥ ያስቀረኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ከላይ 1940፣ ጉልበቷ ላይ 42 ያለባት ሽጉጥ የ1940 ናት። ኋላ ላይ ፋብሪካው መለያውን «ቢ ዋይ ኤፍ» ወደሚሉ ሦስት ፊደላት ለወጠ፤ ዓመቱም ወደ ሁለት አሃዝ አጠረ። ከላይ 42፣ ጉልበቷ ላይ ቢ ዋይ ኤፍ ያለባት እንግዲህ በእርግጥ የ1942 ናት። አንዱ 42 አድራሻ፣ ሌላው 42 ዕድሜ ነው። የታተመበትን ቦታ ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማንበብ የቤት ቁጥርን የልደት ዓመት ማድረግ ነው።

መለያ ቁጥሯም ጠባይ አለው። ከ1 ተነሥቶ 10,000 ሲሞላ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ ለመለየት ታዲያ ከቁጥሩ ሥር ትንሽ የላቲን ፊደል ይጨመርበታል። ዓመቱ ሲለወጥ ሁሉም ከመጀመሪያው ይነሣል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ተሠርተው ቁጥራቸው አንድ የሆነ፣ በፊደል ብቻ የሚለያዩ ሽጉጦች አሉ። ስልክ ደውለው ቁጥሩን አንብበውልኝ ፊደሏን የሚዘሏት ሰዎች ያናድዱኛል። አበበ ብሎ ዝም! የማን ልጅ አበበ?

ክፍሎቿ አንድ በአንድ በእጅ ተሞርደው የተገጣጠሙ ስለሆኑ ትንንሾቹም ሳይቀሩ የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ይይዛሉ። ብዙ ሽጉጥ በአንድ ላይ ተፈታቶ ሲጸዳ የአንዷ ቃታ ከሌላዋ እንዳይሄድ ነው። ካዝናው ሙሉ ቁጥሩን ከነፊደሉ ይይዛል። ወታደሩ አንዱን ካዝና ሽጉጡ ውስጥ፣ አንዱን በቆዳ ማኅደሩ ኪስ ነበር የሚይዘው፤ ተጠባባቂው እንዲለይ ከቁጥሩ ጋር የመደመር ምልክት ይታተምበታል። ያቺን መደመር ያለባትን፣ ከሽጉጧ ያልተለየች ካዝና ማግኘት ለሰብሳቢ ሠርግ ነው።

ስለ ሌሎቹ ጥቂት ልበል። ማውዘር ከሉገር በፊት ያወጣት የ1896ቷ ባለ ድቡልቡል እጀታ ሽጉጥ አለች። በአንደኛው ጦርነት ሠራዊቱ 150,000 ሲያዝላት የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት እንድትተኩስ ተደርጋ ስለ ነበር፣ ወታደሩ በነባሩ ጥይት እንዳያደናግራት እጀታዋ ላይ 9 ቁጥር ተቀርጾ በቀይ ተቀለመ። ዜሮ ስምንትን የተካችው የዋልተር ፒ 38 ናት። ለመሥራት የቀለለች፣ በርካሽ የምትወጣ፣ ጎበዝ ሽጉጥ ናት። ግን አላፈቅራትም።

ማፍቀር ስል ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዋልተር በኖይንጋሜ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን ያሠራ ነበር። ከቬርሳይ በኋላ ለሠራዊቱ ሽጉጥ እንዲያቀርብ የተፈቀደለት ዚምሶን ደግሞ ዙል ከተማ የነበረ፣ የአይሁድ ቤተሰብ ንብረት ነበር። ናዚዎች ፋብሪካውን ቀሙት፤ ቤተሰቡም ተሰደደ። የዚምሶን ስም ያለባቸው ሽጉጦች ግን በዚያው ሠራዊት ወገብ ላይ ቀሩ። የናዚን ንስርና መስቀል ብቻ አይተው ዓይናቸው የሚበራ ገዢዎች ሲያጋጥሙኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ደስ አይላቸውም።

ወደ አሜሪካ ከገቡት ዜሮ ስምንቶች ብዙዎቹ ወታደሮች ከጦር ሜዳ ያመጧቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የአያቱን ይዞ መጣ፤ የ1936 ኤስ/42። ላባቱ ልደት ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጓት እንደ ማንኪያ ታብረቀርቃለች። በዚያ ዘመን ቃታዋና ትንንሽ ማንሻዎቿ በእሳት ሙቀት የወጣ የገለባ ቀለም ነበራቸው፤ እሱም የለም። የፊቷ ቁጥር በጭላንጭል ይታያል፣ ፊደሉ ግን ከአፈሙዙ ሥርም ከፊቷም ጠፍቷል። ተቆጣሁት። አሮጌ ብረት በዘይት ይታበሳል እንጂ አይፈገፈግም፣ አይቀለምም፤ ዝገቱ እንኳ ከአዲስ ቀለም ይሻላል። ልጁ ሲሸማቀቅ አሳዘነኝና ማኅደሩ እንዳለ ጠየቅሁት። «እናቴ ጋ ሳጥን ውስጥ» አለ።

በሚቀጥለው ወር ይዞት መጣ። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኪሱን ስከፍት ማንም ያላስታወሳት፣ ስለዚህም ማንም ያልፈገፈጋት ካዝና ወጣች። ቁጥሩ ያው ነው፤ አጠገቡ መደመር፣ ከሥሩም አንዲት «ኬ» ፊደል። ልጁ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ጽፎ ሊያጥፈው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ፊደሏን» አልኩት። «ፊደሏንም ጻፍ።»