ለንደን ላይ የሞተው የኢትዮጵያ ባንክ

የጋይንት ገበሬ በማሰሮ ይቀብረው የነበረው ጠገራ ብር ዋጋው በራሱ ብርነት ላይ ነበር። ባንክ ግን የሕግ ፍጡር ነው፤ ሕግ ያቆመውን ሕግ ያፈርሰዋል። ጥያቄው የማን ሕግ ነው የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ባንክ በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ ሕግ ተቋቋመ። በ1936 ፋሽስት ኢጣልያ አዲስ አበባን እንደ ያዘች ባንኩ እንዲፈርስ አዘዘች፤ ሒሳብ አጣሪም ሾመችለት። ሆኖም ከወሰን ውጭ ያለ ገንዘብ በወታደር አይያዝም። ስለዚህ ነገሩ ለንደን ደረሰ፤ በባንኩ ስም በግብጽ ብሔራዊ ባንክና በአጣሪው ላይ ክስ ቀረበ።

ዋናው ክርክር ከገንዘቡ ይልቅ ከሳሹ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል የሚል ሆነ። በ1937 ዳኛው ክላውሰን የወረራውን ትክክለኛነት አልመረመሩም። የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣልያን አገሪቱን በእጇ እንዳደረገች ገዥ ስለ ተቀበላት፣ ትእዛዟን የአገሩ ሕግ አድርገው ቆጠሩት፤ ባንኩም ፈርሷል ተባለ። አርበኞች በየዱሩ መዋጋታቸው ፍርዱን አልለወጠውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ በተባለው ኩባንያ ላይ ያቀረቡት የዕዳ ክስ ይበልጥ ያስገርማል። በ1938 ረቱ። ነገር ግን ይግባኙ ሳይሰማ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር፣ እንግሊዝ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ተቀበለች፤ ፍርዱም ተገለበጠ። የዕዳው ማስረጃ አልተነካም፤ የተለወጠው የመንግሥት ቃል ብቻ ነው። እንግሊዝ ያን ዕውቅና ያነሣችው ኢጣልያ በ1940 ጦርነት ካወጀችባት ወዲህ ነው።