የኢሉባቦር ፀደይ መቼ ነው?

ፀደይ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን መስከረም ነው፤ አደይ አበባና እንቁጣጣሽ። በአባቶቻችን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የአበባ ጊዜ መፀው ይባላል። ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ብዙው ሰው በልግ የሚለው ወቅት ነው። ይህን ያነሣሁት ለቃላት ክርክር አይደለም። ፓርክ ለመጎብኘት ቀን ስንቆርጥ ስሙ ስለሚያሳስተን ነው።

ለሰሜን ተራሮች ፓርክ ጥቅምት ጥሩ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ይጠራል፣ ተራራውም ገና አረንጓዴ ነው። መስከረም ላይ ወደኛ ወደ መቱ የሚመጣ እንግዳ ግን ዣንጥላውን ባይረሳ ይሻለዋል። እዚህ ዝናቡ ገና አልወጣም። ሶር ፏፏቴ ያኔ ግርማው ያስፈራል፤ ወደ እሱ የሚያወርደው የጫካ መንገድ ደግሞ ጭቃው ያስለቅሳል።

የእኛን ፀደይ ማየት የሚፈልግ ሰው በበደሌና በመቱ መካከል ወዳለው የያዩ ጫካ ይሂድ። ዐረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት ጫካ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከከፋ ጋር በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ ስፋቱ 167 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ ልዩነቱም የስም ብቻ አይደለም። መሐሉ የማይነካ ነው፤ በዙሪያው ባለው ክልል ሰዉ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ እርሻውና መንደሩ አለ። ስለዚህ ጎብኚው ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሲዘል እያየ፣ ቡና ለቃሚም ሰላም እያለው ያልፋል።

እና መቼ ይኬዳል? ቡናው ሲያብብ ነዋ! የቡና እምቡጥ በበጋው ደረቅ ወራት ተኝቶ ይቆያል። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ደህና ዝናብ ሲመታው ይነቃና ከሳምንት ትንሽ ቆይቶ ጫካው ባንዴ ነጭ ይለብሳል። ሽታው ከመንገድ ይቀበላችኋል። ችግሩ አበባው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ መቆየቱ ነው፤ ስለዚህ ቀን ቆርጦ ከአዲስ አበባ ከመነሳት ዝናቡ መጣሉን ለአካባቢው ሰው ደውሎ መጠየቅ ይበልጣል።

እንግዳው ፎቶ የሚያነሳውን ያንን አበባ አጎቴ የሚጠብቀው ግን እንደ ማትሪክ ውጤት ነው። አበባው ፈክቶ ዝናቡ ተከትሎ ካልደገመ ፍሬው ሳይቋጥር ይረግፋል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚለቀም ቡና፣ የልጆቹም የደብተር ገንዘብ ያኔ ይቀንሳል። በዚያ ሳምንት አጎቴን ስለ ሌላ ነገር ማናገር አይቻልም።

ትክክለኛ ብሔራዊ ፓርክ ካልሆነ ለሚሉ፣ ከጎሬ ቁልቁል ወርዶ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ፓርክ አለ። ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ከደቡብ ሱዳን ጋር ድንበር ሳይለዩ የሚመላለሱበት ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የአየር ላይ ቆጠራ ደቡብ ሱዳን ውስጥ በዚህ ጉዞ የሚሳተፉትን የዱር እንስሳት ወደ 6 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። እዚያ የሚኬደው በበጋው መገባደጃ፣ ሣሩ ሳይረዝምና ሜዳው ረግረግ ሳይሆን ነው። ሙቀቱ ከመቱ ጋር አይገናኝም፤ ሹራባችሁን ጎሬ ላይ አውልቁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ አይርሳችሁ።

ከያዩ አበባ ጋር ወራቱ ስለሚቀራረብ ዝናቡ በጊዜው ከመጣ ሁለቱንም ባንድ ጉዞ ማየት ይቻላል።