ስግድ፦ ማኅበር ራሱን የሚመረምርበት ቀን

ስለ ቤተ እስራኤል ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሸክላ ሥራቸውና በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መሄዳቸው ነው። ጎንደር ያደግን ልጆች እንኳ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃን ስናልፍ የምናየው ሸክላውን ነው። ስለ መንፈሳዊ ሕይወታቸው የሚያወራ ሰው ግን ብዙም አይገጥመኝም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ስግድ ስለሚባለው ትልቅ በዓላቸው የተረዳሁትን ለክፍላችን ተማሪዎች ለማካፈል እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ከስሙ እንነሣ። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ቃሉን ለመለየት አንቸገርም፤ «ሰገደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው። የጸሎት ቤታቸውንም «መስጊድ» ይሉታል፣ መስገጃ ለማለት ነው። በዓሉ «ምህልላ» በሚል ስምም ይታወቃል። የሚውለው በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን በተባለው ወር በ29ኛው ቀን ሲሆን፣ በእኛ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መሆኑ ነው። ይህም የማስተስረያ ቀን ከሆነው ከዮም ኪፑር በኋላ 50ኛው ቀን ነው።

ታዲያ ለምን 50 ቀን ይጠበቃል? ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተስረያ ቀን እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ኃጢአት ከፈጣሪው ጋር ይተሳሰባል። በስግድ ደግሞ ተራው የማኅበሩ ነው። ጥያቄው «እኔ ምን አጠፋሁ?» ከሚለው ወደ «እኛ ምን አጠፋን?» ይሸጋገራል። መሠረቱ በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 እና 9 ላይ ይገኛል። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ዕዝራ ሕጉን ሲያነብለት ሰምቶ፣ ጾሞና ማቅ ለብሶ የራሱንም የአባቶቹንም በደል ተናዘዘ፣ ቃል ኪዳኑንም አደሰ።

አከባበሩም ይህንኑ የሚከተል ነው። በጎንደር አካባቢ በስግድ ከታወቁት መንደሮች አንዷ አምቦበር ነበረች። ከየመንደሩ ሰው በእግሩ ተጉዞ ይሰበሰባል። በዕለቱ ሰውነቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ እህል ሳይቀምስ ወደ ተራራው ይወጣል። ከፊት ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይሄዳሉ። ኦሪታቸው ጥቅል አይደለም፤ በግዕዝ በብራና ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። አንዳንዱ ሰው ትሕትናውን ለመግለጽ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ከላይ ሲደረስ ሕጉ በሲና ተራራ የተሰጠበት ክፍልና የነህምያ ምንባብ ይነበባል፣ ለሕዝቡም በአማርኛ ይተረጎማል። ቄሶቹ ይመክራሉ፣ ይገሥጻሉ፣ ሕዝቡም ይሰግዳል። ከሰዓት በኋላ በዝማሬ ይወርዱና ዳቦ ቆርሰው፣ አብረው በልተው ጾሙን ይፈታሉ።

እኔ እንደሚገባኝ የስግድ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ብቻውን ሲያስብ ለራሱ ማድላቱ አይቀርም። ከጎረቤቱ ጋር አንድ ላይ ቆሞ «በድለናል» ሲል ግን ያስቀየመው ሰው ምናልባት አጠገቡ ነው ያለው። ተኳርፎ ወጥቶ፣ ተኳርፎ ወርዶ፣ አንድ ዳቦ መቁረስ እንዴት ይሆናል? ጸሎቱና የመንደሩ ኑሮ የሚገናኙት በዚህ ነው።

በተራራው ላይ ከሚጸለየው አንዱ ወደ ኢየሩሳሌም መመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በዘመቻ ሙሴ ብዙዎች በሱዳን በኩል ሄዱ፤ በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቀውም ሰው ብዙ ነው። በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። «ኢየሩሳሌም አድርሰን» ብሎ የጸለየ ሕዝብ ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ምን ብሎ ይጸልያል? ስግድ ግን አልቀረም። ዛሬ በየዓመቱ የድሮዋን ከተማ ቁልቁል በሚያሳየው አርሞን ሃናጺቭ በተባለ ከፍታ ላይ ይከበራል። በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ሕግ አውጥቷል። ይህ የሆነው ልመናው የጉዞ ብቻ ስላልነበረ ይመስለኛል። ቃል ኪዳን ማደስና «እኛስ እንዴት እየኖርን ነው?» ብሎ መጠየቅ አገር በመግባት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም በአዲስ አገር፣ በየከተማው ተበታትኖ ለሚኖር ማኅበር ጥያቄው የባሰ ያስፈልጋል።

እንደ ቋንቋ ተማሪ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፣ በውስጡም የአገውኛ ክፍሎች አሉት። በዕብራይስጥ አፉን የፈታ ወጣት አያቱ የሚያለቅሱበትን ቃል ሳይረዳው ከጎናቸው ሊቆም ይችላል። «እኛ በድለናል» የሚለው ቃል ካልገባው ደግሞ የ«እኛ» ተካፋይ መሆን ይከብደዋል። ትርጉም ይረዳል፤ ግን ቃሉን የሚያውቁት ቄሶች በሕይወት እያሉ ጸሎቱን መቅዳት፣ መጻፍና ማስተማር የበለጠ ይረዳል። ግዕዝ የምንማር እኛም የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስንመርጥ ይህን ብናስብበት መልካም ነው እላለሁ።